አቶ ይመሳሰላል

ስሙን ያወጣችለት በአጎቷ ሱቅ ቀለም የምትቀላቅለው ልጅ ናት። ሰውዬው ቤት ቀቢ ነው። በየጠዋቱ ከግድግዳ የተላጠ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣና እሷ ከቀላቀለችው ጎን አስቀምጦ፣ «ይመሳሰላል?» ይላታል። «አዎ» ብትለውም ቶሎ አይሄድም፤ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «እስኪ ደግመሽ እይው» ይላል።

«ይሄ ልጅ ግድግዳ ነው የሚቀባው ወይስ አንቺን ነው የሚጠብቀው?» እያለ አጎቷ ያሾፍባታል።

«ተው እንጂ፣ አጎቴ!» ትላለች፤ በሆዷ ግን ደስ ይላታል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ የእሷም ልብ ከፈረደ ሰነባብቷል። የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ማለት ልማድ ሆኖባታል።

አንድ ቀን አሟት ቀረች። አጎቷ ክዳናቸው ላይ ምንም ያልተጻፈባቸው ሁለት ቆርቆሮዎች ለቀቢው ሰጠው፤ አንዱ የመስኮት አረንጓዴ፣ አንዱ የግድግዳ ቡናማ። በማግስቱ ልጅቷ ተሽሏት ስትመለስ፣ ክሊኒኳን ያስቀባችው የጥርስ ሐኪም ሱቁን በጩኸት ሞላችው።

«የእንግዳ መቀበያዬን ግድግዳ እኩሌታውን አረንጓዴ፣ እኩሌታውን ቡናማ አድርጎ፣ ‹አማረ አይደል?› ይለኛል!»

ቀቢው ከኋላዋ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። መልሶ እንደሚቀባው ቃል ገብቶ ሐኪሟን ከሸኘ በኋላ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ።

«ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው» አላት። «ከተወለድኩ ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ሰው ካወቀብኝ እንጀራዬ ነው የሚዘጋው ብዬ ደበቅሁ።»

«እና በየጠዋቱ የምትመጣው...»

«መልሱን ከፊትሽ ለማንበብ ነበር። ስትጠራጠሪ ግንባርሽ ይቋጠራል፤ ሲስማማሽ ይፈታል። አሁን ግን...»

ደንበኛ ገባና ወሬው ተቋረጠ። ልጅቷ ወደ ቀለሟ ዞረች። ለካ ያ ሁሉ ዓይን ዓይኗን ማየት ለቀለሙ ኖሯል! እሷ ደግሞ ለብቻዋ ስትሞኝ ከርማለች። ክፉ ቃል ግን አልወጣትም።

«ከእንግዲህ በየክዳኑ ላይ ስሙን በትልቁ እጽፍልሃለሁ» አለችው። «ደግመህ መጠየቅ አያስፈልግህም።»

እንዳለችውም ጻፈችለት። ሳምንት ሙሉ ቆርቆሮዎቹን የሚወስድለት የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። በሩ ይከፈታል፣ ቀና ትላለች፣ እሱ አይደለም። አጎቷ እንኳ ማሾፉን ተወ።

በስምንተኛው ቀን ቀቢው ባዶ እጁን መጣ።

«ምን ልቀላቅልልህ?» አለችው፣ ከጠረጴዛው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ምንም። የትምህርት ቤት ኮርኒስ ይዣለሁ፤ ሦስት ወር ሙሉ ነጭ ብቻ ነው።»

«ነጭ ቀላቃይ አይፈልግም። መደርደሪያው ላይ አለልህ።»

«ቀለሙንማ እዚያው ሰጥተውኛል።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ያን ቀን ያልጨረስኩት ነገር ነበር» አለ። «አሁን የምጠይቅሽ ቀለም የለኝም። አንቺን ብቻ ለማየት ነው የመጣሁት።»

ፊቷ ፍም መሰለ። ብሩሿን ታገላብጥ ጀመር። እሱ ጎንበስ ብሎ ፊቷን በጭንቀት መረመረ።

«ዝም አልሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ፊትሽን አይቶ ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን ይቅላ አይቅላ ለይቼ አላውቅም። ንገሪኝ።»

ብሩሿን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«ቀልቷል» አለችው።