መጋረጃ ለአበባ

ሰፈርተኛው «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ስለሚወጋ ነው። ከአክስቷ ጋር መጋረጃ ትሰፋለች። ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ትርፍራፊ ጨርቅ የሞላበት ጆንያ።

ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ብቅ አለ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ በሩ ላይ ደጋግሞ ጠርጎት ገባ። መርፌ ይህን ልብ ብላለች።

«የማትፈልጉት ጨርቅ ይኖራችኋል?»

«ለስንት መስኮት?»

«ኧረ ለመስኮት አይደለም፣ እህቴ። ለአበባ ነው።»

«አበባ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጎረቤት እንዳያየው መጋረጃ የፈለገው?»

ልጁ ሳቀ። ከሱቁ ማዶ ያለው መናፈሻ አትክልተኛ ነው። ቅጠል ሳያወጡ የሚያብቡ ቁጥቋጦዎች አሉት፤ ጥቂት ሞቅ ያሉ ቀናት ካገኙ ጸደይ የገባ መስሏቸው ይፈነዳሉ። ከዚያ ውርጩ ተመልሶ ይመጣና ጉድ ይሠራቸዋል።

«ብርዱን እንኳ ይችሉት ነበር» አላት። «ሌሊት ውርጭ የመታው እንቡጥ ላይ ጠዋት ፀሐይ ድንገት ስታርፍበት ነው የሚጠቁረው። ጥላ ካገኘ ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ብዙው ይተርፋል።»

መርፌ ትርፍራፊው ወዳለበት ጥግ ሄደች። ጆንያውን አንስታ ሰጠችው።

ከሁለት ዓመት በፊት የታጨችለት ሰው፣ የሠርጉ ልብስ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብሏት ሄዷል። ልብሱን የሰፋችው ራሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ፈጠን ብሎ ሲቀርባት ልቧ ይሸሻል።

አትክልተኛው ግን «ጨርቅ ጨምሩልኝ» እያለ መመላለስ አበዛ። «ይህ ልጅ አበባ ነው የሚያለብሰው ወይስ አገሩን ሁሉ?» አሉ አክስቷ፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ። መርፌ አቀርቅራ ሰፋች። ከሥራ በኋላ መናፈሻውን ያዞራት ጀመር። ሲያወራ ፊቷን ሳይሆን ቅርንጫፎቹን ያያል፤ ሲጨርስ ግን ዞር ብሎ ያያታል። ጥሏት ስለሄደው እጮኛዋ ሳይቀር ነገረችው። ወደደችው። ለመናገር ቀላል ነው፤ ለእሷ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም።

አንድ እሑድ አጎቱን ይዞ መጣ። አጎትዬው ከረባት አስረዋል። ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ወሩ ሲያልቅ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ነገሩ ቢያልቅ ብለን ነው የመጣነው።»

መዛወሩን መርፌ ያን ጊዜ ነው የሰማችው። የስፌት መኪናዋ ቆመ።

«ነገሩ?» አለች። «እኔ ነኝ ነገሩ?»

«ጊዜ አጥሮኝ እኮ ነው...» አለ ልጁ፣ ጫማውን እያየ።

«እና እንደ መጋረጃ ለክተህ ልትወስደኝ ነው? ለእኔ ሳትነግረኝ? ሁለተኛ ለጨርቅም ለሌላም እዚህ እንዳትመጣ!»

በማግስቱ ሱቁን ሲከፍቱ፣ የወሰዳቸው ጨርቆች በሙሉ ታጥበውና ታጥፈው በራፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። መርፌ አየቻቸውና ሆድ ባሳት። አክስቷ እያዩ ስለነበር ግን አላለቀሰችም።

ሳምንቱ ሞቃት ሆነ። ቁጥቋጦዎቹ አንዲት እንቡጥ ሳያስቀሩ ፈኩ፤ ከሱቁ ደጃፍ ሮዝና ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ከዚያ አንድ ምሽት ሰማዩ ጥርት አለ፣ ብርዱም አጥንት የሚሰረስር ሆነ። መርፌ ስትገላበጥ አደረች። ሊነጋጋ ሲል መስኮቱ ላይ ውርጭ አየችና ብድግ አለች።

«በዚህ ብርድ ወዴት ነው?» አሉ አክስቷ ከአልጋቸው።

«ጨርቁን ላደርስለት ነው፣ እትዬ።»

«እሱስ ጥሩ። ያ በብብትሽ የያዝሽው ግን የደንበኛ መጋረጃ ነው!»

«አጥቤ እመልሰዋለሁ!» ብላ ወጣች።

መናፈሻው ውስጥ አትክልተኛው ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን ለቁጥቋጦዎቹ አልብሶ፣ ራሱ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። ሲያያት መጥቶ የጆንያውን አንድ ጫፍ ያዘላት። እሷም ሰላም አላለችውም። ጆንያውን ዘርግፈው አለበሱ፣ አለበሱ። በምሥራቅ በኩል ያለው ረድፍ ግን ቀረ፤ ፀሐይዋ ደግሞ ልትወጣ ነው። የደንበኛውን መጋረጃ ዘረጉና ጫፍና ጫፉን ይዘው ከፍ አደረጉት።

ፀሐይ ወጣች። ጨርቁ እስኪበራ ድረስ መታችው። ሁለቱም ክንዳቸው ዛለ፣ ግን ማን ይተው?

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ፈራኋ። ይሄም ሊሄድ ነው ብለሽ የምትሸሺ መሰለኝ። ጠይቄሽ ልሂድ ብዬ ነው።»

«የጠየቁኝ እኮ አጎትህ ናቸው።»

የመጋረጃውን ጫፍ አጥብቆ ያዘ። ጥፋቱ ገብቶታል።

«እወድሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቅር ካለሽ ዝውውሩን እተወዋለሁ።»

«እኔም እወድሃለሁ» አለች መርፌ። «ግን ሂድ። አሁን እሺ ብልህም ከፍርሃት ነው፣ እምቢ ብልህም ከፍርሃት ነው። እባክህ፣ ቀስ በል።»

እንባዋን ልትጠርግ አንድ እጇን ስታነሳ መጋረጃው አዘነበለ።

«ኧረ ያዢ! ገና አልተፈታም!»

እያለቀሰች ሳቀች። ጥቂት አበቦች ጠቆሩ፤ የሚበዙት ተረፉ። ወሩ ሲያልቅ አትክልተኛው ሄደ።

በየምሽቱ ይደውላል። ስለ አዲሱ አፈር፣ ስለ ውኃው እጥረት ያወራል፤ እሷም ስለ ነዝናዛ ደንበኞቿ ታወራዋለች። ስለ ጋብቻ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሙቀቱ አለፈ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ ብርዱም ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ አለመጠየቁ ደስ ይላት ነበር። በኋላ ግን ስልኩ ሲዘጋ ትክዝ ብላ መቀመጥ አመጣች። ፍርሃቷን ብትፈልገው አጣችው፤ የቀረው ናፍቆት ብቻ ነው።

አንድ ምሽት፣ ከአክስቷ ጋር ሱቅ አምሽታ ሳለ ሲደውል፣ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስማ፣ ያን ነገር ረሳኸው እንዴ?»

«የቱን?»

«የቱን ይለኛል ደግሞ!»

«ቀስ በል ብለሽኝ የለ?»

«ቀስ በል አልኩህ እንጂ ተኛ አልኩህ?»

አትክልተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ትንፋሹ ይሰማታል።

«እሺ... ነገውኑ ለአጎቴ ልንገራቸውና...»

«አጎትህን ተዋቸው! እኔው ልጠይቅህ። ታገባኛለህ?»

ከስልኩ ድምፅ ጠፋ። መርፌ ዓይኖቿን ጨፈነች። አክስቷ ለመስማት ብለው የስፌት መኪናቸውን ካቆሙ ቆይተዋል፤ በመጨረሻ አላስችል አላቸው።

«ቶሎ በል እንጂ፣ አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹ።

«እሺ! እሺ!» የሚለው ድምፁ ከስልኩ አልፎ ሱቁን ሞላው።