ከድልድዩ ላይ አልነቃነቅ ያለው ወታደር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። ጎረቤቴ «ሰው የሌለበት ታንኳ ሐይቁ ላይ ብቻውን ሲሄድ አየሁ» ስትለኝ «ጠላውን ቀነስ አድርጊ» የምላት ሴት ነኝ፣ ባለ ዛር ሲያጓራ ሳቄ እየመጣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ የምወትፍ፣ ልጅ ሳለሁማ አጥር ሥር ተደብቄ እንደ ጅብ እየጮህሁ የመንደሩን ሰው ሳስበረግግ ነው ያደግሁ፤ ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር ከየት እንደሚመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ከኔ ቢጤ ተንኮለኛ ነው የሚመጣ። የዚህን ግን ተንኮለኛውን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ትጽፋለች። ያልሁትን ትጻፍ የራሷን ትጻፍ አላውቅም፣ ይኸው አሁን ራሱ እየሳቀች ነው። ቃል ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ባሕር ዳር ቢሮ ትሠራለች፣ ባል የላትም፣ ጦር ግን አላት። አትደንግጡ፣ ጦሩ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላው ሰው ዘመድ ሲጠይቅ እሷ ጠረጴዛው ላይ ትሰየምና ጦርነት ትከፍታለች፣ ፈረሰኛው፣ ጦረኛው፣ መድፈኛው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፣ እሷ እንደ እግዜር ከላይ ሆና ቁልቁል እያየች «አንተ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ» ትላለች። ጌም ነው ትለኛለች፣ ግን ዝም ብሎ ጌም አይደለም፣ ድሮ ፈረንጆች የተዋጉትን አጥንተው ነው የሠሩት ትላለች፣ አንዱ ንጉሥ እንዲያውም ስንቁን ሳያይ ሩቅ አገር ዘምቶ ብርዱ ሠራዊቱን ጨረሰው አለችኝ። «ሚስት አልነበረችውም?» አልኋት። «ነበረችው» አለች። «እንግዲያስ አልጠየቃትም» አልሁ፣ እውነቴን ነው፣ ወንድ የሚጠፋ ምን ጎድሎ ነው፣ ሳይጠይቅ እየሄደ ነው።

እኔም ቀስ በቀስ ገባሁበት። ገበጣ የሚያውቅ ሰው ይሄ አይከብደውም፣ እመኑኝ፣ እኔን ደግሞ በገበጣ የረታኝ የለም፣ ባሌ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን ረትቶኝ አያውቅም፣ እንዲያውም ለዚያ ነው ያገባሁት። ቃል ፈረሰኛውን ሁሉ ጠራርጋ ልትልክ ስትል «ተይ፣ የራስሽን ጉድጓድ ባዶ አድርገሽ የሰው ጉድጓድ አትመኚ» እላታለሁ፣ ትሰማኛለች፣ ታሸንፋለች፣ ከዚያ ለጓደኞቿ ስልክ ደውላ «አያቴ ጄኔራል ሆነዋል» ትላለች። አንድ ነገር ብቻ አይጥመኝም ነበር። ወታደሮቹ ይወድቃሉ፣ ይጠፋሉ፣ አለቀ። «ይሄ ጨዋታሽ እናት የለውም» አልኋት አንድ ቀን። «እንዴት?» «ይሄን ሁሉ ልጅ ስትጨርሺ መርዶ የሚያረዳ የለማ!»

ይሄን ያልሁት በሳቅ ነው፣ ሆዴ ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም። ምንይችል የሚባል ወንድም ነበረኝ፣ ነበረኝ ልበል አለኝ ልበል፣ ይኸው ነው ጣጣው። በደርግ ጊዜ ከመራዊ ገበያ ጤፍ ሊሸጥ በሄደበት ለጦር ወሰዱት፣ እኔ እያየሁ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ጥቂት ይራመድና ዞር ብሎ ያያል፣ ጥቂት ይራመድና ዞር ብሎ ያያል፣ እንዲያ እያለ ከመታጠፊያው ተሰወረ። ከዚያ ወዲያ ሞተም ዳነም የሚል የለም። በኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ ማለዳ መጥቶ መርዶ ካላረዳ አይለቀስም፣ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም፣ እናቴ ጆሮዋን ወደ ደጅ እንዳደረገች ነው የሞተች።

ታናሽ እህቴ ትሩዬ መራዊ ነው የምትኖር። እሱ ሲሄድ ጡት ትጠባ ነበር፣ መልኩን አታውቅም፣ እንባው ግን እሷ ላይ ነው የቀረ። ልቧን ታማለች፣ በየጊዜው ለሕክምና እኔ ዘንድ ትመጣለች። ስትመጣ ሁሉ ልመናዋ አንድ ነው፣ «እህቴ፣ ሳልሞት ወንድሜን ላልቅስለት፣ ስሙን ለቄሱ ስጪልኝ።» ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም አይሆንም፣ የምንይችልን ክርስትና ስም ደግሞ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ ሲጠመቅ ከእናቴ ጎን ቆሜ የሰማሁ እኔ ነኝ፣ ያጠመቁት ቄስም፣ ክርስትና አባቱም፣ እናቴም ሄደዋል። ለናንተም አልነግራችሁም፣ አትቀየሙኝ፣ ሰውን በክርስትና ስሙ ነው የሚደግሙበት ይባላል፣ አላምንም፣ ግን አልነግራችሁም። ለትሩዬም ስንት ዓመት ከለከልኋት፣ ከሙታን ጋር ስሙን ካስጠራሁት የገደልሁት እኔ ነኝ እያልሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ዓርብ መጣች፣ ፊቷ አመድ መስሏል፣ መሬት ተቀምጣ እግሬን ያዘች። ምን ላድርግ? «በቃ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሰጣለሁ» አልኋት። ጥቁር ነጠላዋን በከረጢት ይዛ ነበር የመጣች፣ አውጥታ አጣጠፈችው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው ነገሩ። ትሩዬ መድኃኒቷን ውጣ ጓዳ ተኝታለች፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ላፕቶፑ በባትሪ ነው፣ ቃል ባትሪ እንዳይጨርስ ብላ ድምፁን ድርግም አድርጋዋለች፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ጦሯ ከአንድ ወንዝ ማዶ ነው፣ መሐሉ ላይ ድልድይ አለ፣ ጠላት እንደ አንበጣ እየመጣ ነው። ድንገት «ልብሴ!» ብላ ተነሣች፣ ገመድ ላይ ያሰጣችውን ረስታው ኖሯል። «እታለም፣ አደራ እንዳይነኩ!» አለችኝ፣ እኔን እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ምን ቆርጦኝ!» አልሁ፣ ገና በሩን ሳትዘጋው ማውሱን ያዝሁት።

ጦሩ ተሸንፎ ነበር፣ ለማንም ግልጽ ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም ሰብስቤ በድልድዩ ወደ ኋላ መለስሁ፣ እንደ በግ ተከታትለው ተሻገሩ፣ አንድ ብቻ ቀረ። ድልድዩ መሐል። ተጫንሁት፣ ጎተትሁት፣ አይመጣም። ያኔ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን፣ በጥርስ መሐል የሚወጣ፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም፣ ከእርሻ የፈቱትን በሬ ለመጥራት እንደሚያፏጩት። አንድ እረኛ ይሆናል አልሁ፣ ደግሞ በዚህ ዝናብ የምን እረኛ፣ ደግሞ ዝናቡ የራሴን ሳል እንኳ አያሰማኝም፣ ፉጨቱ ግን ቅርብ ነው፣ ከጠረጴዛው ነው። ድምፁ ጠፍቷል ብያችኋለሁ። ጆሮዬን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋሁ፣ ደገመው። ምንይችል በሬውን ሲጠራ እንዲሁ ነበር።

እሺ፣ ፉጨት ነው፣ ጆሮዬም አርጅቷል ብዬ ቀና ስል ሰውዬው መራመድ ጀመረ። ሌሎቹ ወታደሮች ከአንድ ማሕፀን የወጡ ይመስል እግራቸውም እጃቸውም አንድ ነው፣ እሱ ግን ጥቂት ይራመድና ዞር ይላል፣ ጥቂት ይራመድና ዞር ይላል። እኔ ማውሱን ለቅቄዋለሁ፣ ማርያምን፣ እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ና አንተ፣ ና ወዲህ» አልሁት በአፌ። ቆመ።

ቃል ልብሱን ታቅፋ እየተንጠባጠበች ገባች። «እታለም! ነክተዋል አይደል?» ብላ ጎንበስ አለችና ስክሪኑን በጣቷ ነካች። ከዚያ «ይሄን ስም እርስዎ ነዎት የጻፉለት?» አለችኝ።

«የምን ስም?»

«ከጭንቅላቱ በላይ ያለውን ነዋ። አለቆቹ ናቸው ስም ያላቸው፣ ተራ ወታደር ስም የለውም። ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ስም አይደለም፣ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ የኛ ስም ነው።»

«አንብቢዋ!»

አነበበችው።

«ድገሚው» አልሁ። ደገመችው። የምንይችል ክርስትና ስም ነው፣ ከእናቴ ሞት ወዲህ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ተነሥቼ ጆሮዋን ያዝሁ። «ማን ነገረሽ? አንቺ ርኩስ፣ ማን ነገረሽ?»

«ኧረ እታለም፣ ያመኛል! እኔ ውጭ ነበርኩ እኮ፣ እርስዎ የጻፉት መስሎኝ ነው!»

«እኔ? ሀ ሁን ከጅራፍ የማልለይ?»

ያኔ የጠላት ፈረሰኞች ድልድዩ ላይ ደረሱ። ቃል ጆሮዋን ሳልለቅላት «አሁን ይገድሉታል» አለች፣ እኔ ዓይኔን ልጨፍን አልሁ አልቻልሁም። አልነኩትም። ወንዝ ድንጋይን እንደሚያልፍ በግራና በቀኝ አለፉት፣ ጠባብ ድልድይ ነው፣ የት ቦታ አግኝተው እንዳለፉት እሱ ይወቀው። «ይሄ አይሆንም፣ እንዲህ አይሠራም» ትላለች ቃል። ባትሪው አለቀና ድርግም አለ።

ከጓዳ ትሩዬ በእንቅልፍ ድምፅ «ማነው የሚያፏጨው?» አለች።

አስቡት። እሱ ሲሄድ ጡት ትጠባ የነበረች ናት።

ማታ መብራት ሲመጣ ቃል ከፈተችው፣ ጦርነቱንም ካቆመበት ቀጥላ ጨረሰችው። ጦርነቱ ሲያልቅ የሞቱትንና የተረፉትን ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር አለው፣ እያንዳንዱን አየች፣ ከሞቱትም የለም፣ ከተረፉትም የለም።

እኔ መጀመሪያ የጠረጠርሁ ቃልን ነው፣ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቅኋትም፣ ጻፊው ዝም ብለሽ። እስክትናዘዝ ብዬ ሦስት ቀን ወጥ ያለ ጨው ሠራሁላት፣ በላችው። «እታለም፣ እኔ ብሆን እስካሁን ስቄ ነበር፣ የማን ልጅ ነኝና ሳቄን እችላለሁ?» አለችኝ፣ ይሄ ደግሞ እውነት ነው። ትሩዬን ጠረጠርሁ፣ ግን ስሙን ብታውቅ ኖሮ እግሬን ምን አስያዛት? ላፕቶፑንም ጠረጠርሁ፣ ሰው የተገለገለበት ነው የገዛችው፣ ከማን እጅ እንደወጣ ማን ያውቃል። ራሴንም ጠረጠርሁ፣ በእንቅልፌ ብናገረውስ፣ ግን በእንቅልፌ የተናገርሁት እንዴት አድርጎ ያፏጫል?

ወደ እሁዱ ልመልሳችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ትሩዬ ጥቁር ነጠላዋን በእጇ ይዛ፣ ከኋላዬ ተጠግታ፣ ቄሱ ፊት ቆምን። ስሙን በጆሯቸው ነገርኋቸው። «ከሕያዋን ነው ከሙታን?» አሉኝ። የትሩዬ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፣ ስንት ዓመት የለመነችኝ አንድ ቃል ናት። «ከሕያዋን» አልሁ።

ትሩዬ አልጮኸችም። በባጃጅ ተመልሰን ቤት ስንገባ ሁሉንም ነገርኋት፣ ድልድዩን፣ ፉጨቱን፣ ስሙን ማን እንዳነበበው፣ ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን «የታል ኮምፒውተሩ?» ነው ያለች።

ይኸው መራዊ አልተመለሰችም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከቃል ጎን ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ዓይኗን አትነቅልም፣ ቃል ልትዘጋው ስትል «ትንሽ ቆይ የኔ ልጅ፣ ትንሽ» ትላታለች። እኔ ወንድሜን ከሙታን መዝገብ አዳንሁት ብዬ ነበር፣ አሁን አሁን ግን ድልድዩ ላይ ያየሁትን ነገር እጠረጥረዋለሁ፣ እውነት ምንይችል ከሆነ ለምን ለሷ አይታያትም? ልታለቅስ ተዘጋጅታ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ የነበረችን ሴት እናቴ እንደነበረችው አድርጎ አስቀመጣት፣ ለዚያ ቢሆንስ የመጣ?

የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ የልብ ሐኪሟ ቀጠሮ ነበራት። ልብሴን ለብሼ፣ ባጃጅ አስቁሜ «ተነሽ እንጂ» አልኋት። ከወንበሩ አልተነሣችም።

«ሂጂ አንቺ» አለችኝ፣ ዞር ብላም አላየችኝ። «ዛሬ ቢመጣስ?»