አሥራ አንድ ስልክ ላይ የገባው ማስታወሻ

አርባ ሳጥን ኢንሱሊን ተበላሽቷል። የመድኃኒት መጋዘኑ ባለቤት ጥፋተኛውን ለማግኘት አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም።

«በረዶ ነው! ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶታል። ከዛሬ ጀምሮ መጋዘኔን እንዳይረግጥ!»

በረዶ የሚሉት የማቀዝቀዣ መኪናውን ሾፌር ነው። በሩ ጋ ቆሞ የጫማውን ጫፍ ያያል። የባለ መጋዘኑ ልጅ ግን ዝምታ አይሆንላትም።

«አፍ የለህም እንዴ? ተናገር እንጂ!»

«ተይው» አላት። «ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። መዝገቡን ብቻ አትክፈቺው።»

መዝገቡን! ሰባት ወር ሙሉ የለፋችበትን? ፋብሪካው፣ ሾፌሩ፣ አባቷ፣ እሷና ሰባቱ ፋርማሲዎች፣ አሥራ አንዱም አንድ ዓይነት መዝገብ በየስልካቸው ይይዛሉ። ዕቃው የት እንደደረሰ፣ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ አንዱ ሲጽፍ ሁሉም ጋ ይገባል። ዋና የሚባል ኮምፒውተር የለም። አንዴ የተጻፈውን አባቷም ሆኑ እሷ ሊፍቁት አይችሉም።

ከፈተችው። መኪናው አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ሲደርስ ሳጥኖቹ አራት ዲግሪ ነበሩ። ስድስት ሰዓት ላይ መጋዘን ሲገቡ ሠላሳ ስምንት። መሃል ላይ የሾፌሩ ማስታወሻ አለ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቷ።

«በናትሽ…» አለ በረዶ።

ጮክ ብላ አነበበችው።

«‹ሳጥኖቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ይግቡ ብላቸው ጋሼ አልሰማ አሉኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ እየቆጠሩ ነው። ጥላ ቢሆን ኖሮማ፣ ልጃቸው በመስኮት ብቅ እስክትል ድረስ እስከ ማታ ቢቆጥሩም ደስታዬ ነበር።›»

አባቷ በጣታቸው እየነኩ ካልቆጠሩ ዕቃ እንደማያስገቡ የማያውቅ የለም።

«አንቺ ብቻ የምታነቢው መስሎኝ ነው» አለ በረዶ።

«ሁሉም ጋ ይገባል ብዬ ስንት ጊዜ አስረድቼሃለሁ!»

«ስታስረጂ መች ሰማሁ፤ አንቺን ሳይ ነበር።»

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ነገር አይጠፋም?»

«አይጠፋም፣ አባዬ።»

«ማን ማን አይቶታል?»

ሳትመልስ ስልኳ ጮኸ። አንዲት አሮጊት ፋርማሲስት መዝገቡ ላይ ጽፈዋል፦ ‹ሌላ ኢንሱሊን ዛሬውኑ ይላክልን። ደግሞስ ልጅቷ ምን አለች?›

አባቷ ስልካቸውን አውጥተው አነበቡት። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «በል መኪናህን አስነሳ፤ ፋብሪካው ሌላ አርባ ሳጥን ይጭንልሃል። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መላሹ እኔ አይደለሁም።»

የሁለቱም ስልክ እኩል ጮኸ፤ የአባትየው ከእጃቸው፣ የበረዶ ከኪሱ።

‹ከዛሬ ጀምሮ ሳጥኖቹ መጀመሪያ ይገባሉ፣ ከዚያ ይቆጠራሉ። ልጅቷ በመስኮት ብቅ አትልም፤ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣለች።›

ቀና ሲሉ ቦታዋ ላይ የለችም። ከግቢው የመኪናው ጥሩምባ አንባረቀ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ሩጥ እንጂ!» አሉ አባቷ። «እሷ እንደሆነ መጠበቅ አታውቅ!»