የውርንጭላዋ የመጨረሻ ገጽ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። አንድ ምስጢር ልነግራችሁ ነው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ለአስተማሪዬም አልነገርኳትም። አፍሬ፣ ለብዙ ዓመት ይዤው ቆየሁ።

ውቢት እባላለሁ። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር።

በአዲስ አበባ፣ በፒያሳ ቁልቁለት ላይ፣ አንዲት ጠባብ የመጽሐፍ ሱቅ ነበረች። ግድግዳዋ መጽሐፍ፣ ወለሏ መጽሐፍ፣ መስኮቷም መጽሐፍ!

ባለሱቁ ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ከዚያ «መነጽሬን ያያችሁ?» ይላሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቋ በሰው ትሞላለች። ወንበር የለም። ሁሉም ካርቶን ላይ ይቀመጣል።

የሚመጡት አንድ መጽሐፍ ለመስማት ነው። መጽሐፉ አሮጌ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ስሙን የሚያውቅ የለም።

እኛ «የውርንጭላዋ መጽሐፍ» እንለዋለን። አንዲት ትንሽ የአህያ ልጅ፣ አንዲት ውርንጭላ፣ ገበያ መሃል እናቷ ጠፍታባት ትፈልጋታለች።

በየቅዳሜው አንድ ሰው ጥቂት ገጽ ያነባል። ከዚያ የቆምንበት ቦታ ላይ የአውቶቡስ ትኬት ይደረግና መጽሐፉ ይዘጋል።

ሕጉ አንድ ነው። ማንም ብቻውን ቀድሞ አያነብም። ጋሽ ይርዳውም ቢሆኑ!

ኳ! ኳ! ኳ!

ጋሽ ንጋቱ መጡ። ዓይናቸው አያይም። መንገዱን የሚነግራቸው ከዘራቸው ነው።

ገና ሳይቀመጡ ይጠይቃሉ፦ «ውርንጭላዋ እናቷን አገኘች?»

ሁላችንም አብረን እንመልሳለን፦ «ገና ነው፣ ጋሼ!»

ንባቡ ደስ ሲላቸው ወለሉን ሦስት ጊዜ ይመታሉ። ኳ! ኳ! ኳ! «ሰማሁ» ማለታቸው ነው።

አንድ ቅዳሜ የማንበብ ተራው የእኔ ሆነ። ድምፄ እንደ ጉንዳን ትንሽ ሆነች።

እትዬ በላይነሽ ሳቁ። አውቶቡስ ላይ ትኬት የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። «ይቺ ልጅ ድምጿን ቤቷ ረስታ ነው የመጣችው!» አሉ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ካርቶን ጀርባ ተደበቅኩ።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ተይ አንቺ በላይነሽ! እኔ ሰምቻታለሁ» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «የመጨረሻውን ገጽ የምታነብልን እሷ ናት።»

እኔ? የመጨረሻውን ገጽ? ከካርቶኑ ጀርባ አንገቴን ብቅ አደረግኩ።

ከዚያ ሰዎች መጡ። ቀይ ቀለም ይዘው ነበር።

በሱቋ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀይ ምልክት አደረጉ። ምልክት የተደረገበት ቤት ይፈርሳል።

እትዬ በላይነሽ ያን ቀን አልቀለዱም።

ጋሽ ይርዳው መነጽራቸውን ጠረጉ። መልሰው ጠረጉት። «የውርንጭላዋን መጽሐፍ እንጨርስ። እሱን ስንጨርስ ሱቋን እንዘጋለን» አሉ።

ከቅዳሜ ወደ ቅዳሜ፣ ገጾቹ አነሱ። አሥር ቀረ። አምስት ቀረ።

አንድ ገጽ ቀረ።

«ውርንጭላዋ እናቷን አገኘች?» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«ገና ነው፣ ጋሼ!»

«እንግዲህ የዛሬ ሳምንት ውቢት ትነግረናለች» አሉ።

እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። መጽሐፉ ሲያልቅ ሱቋ ትዘጋለች። መጽሐፉ ካላለቀስ? ካላለቀ አትዘጋም!

ማንም ሳያየኝ መጽሐፉን አነሳሁ። በሹራቤ ስር ደበቅኩት። ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ ፍራሼ ስር ከተትኩት። ስተኛ ጎኔን ቆረቆረኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ይርዳው መደርደሪያው ላይ ፈለጉ። እዚያ የለም።

እትዬ በላይነሽ ካርቶኑ ውስጥ ፈለጉ። እዚያም የለም።

ከበሩ ጀርባ ፈለጉ። የትም የለም።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ውርንጭላዋ እናቷን አገኘች?»

ማንም አልመለሰም።

«መጽሐፉ ጠፋ፣ ንጋቱ» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ሌላ እንዳንፈልግ ስሙን አናውቀውም።»

ጋሽ ንጋቱ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ውቢት፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ አየሽው?»

አፌን ከፈትኩ። «እኔ ጋ ነው» ልል ነበር።

«አላየሁም» አልኩ።

«እሺ» አሉ። አመኑኝ።

ያን ቀን ከዘራቸው ወለሉን አልመታም። ቀስ ብለው ወጡ። እኔም ሳለቅስ ሰው እንዳያየኝ ካርቶን ጀርባ ገባሁ።

በነጋታው ጠዋት መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ጓ! ጓ! ጓ!

መጽሐፉን ከፍራሼ ስር አወጣሁ። በቁልቁለቱ ሮጥኩ፣ ሮጥኩ። «ይኸው! ይኸው መጽሐፉ!» እያልኩ ሮጥኩ።

አቧራ ብቻ ነበር።

ግድግዳው የለም። ወለሉ የለም። መስኮቱም የለም። መጽሐፉ ሳያልቅ ሱቋ ፈረሰች።

«ጋሽ ይርዳውስ?» ብዬ አንዱን ሰውዬ ጠየቅኩ።

«መጽሐፋቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ።»

«ጋሽ ንጋቱስ?»

«ሩቅ ሰፈር ቤት ተሰጣቸው። የት እንደሆነ እኔም አላውቅ።»

ፈለግኳቸው። እትዬ በላይነሽን ለማግኘት አውቶቡስ በመጣ ቁጥር አንጋጥጬ አየሁ። ትኬት የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው።

መንገድ ላይ ኳ! ኳ! ሲል ዞር እላለሁ። እሳቸው አይደሉም።

አደግኩ። ተማርኩ። ብዙ መጽሐፍ አነበብኩ። አሁንም ኳ! ኳ! ሲል ዞር እላለሁ። እሳቸው አይደሉም።

ቤት በቀየርኩ ቁጥር መጽሐፉ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ግን አልከፍተውም። የመጨረሻውን ገጽ አንድም ቀን አላየሁትም።

ጋሽ ንጋቱ ሳይሰሙት፣ እኔ ብቻዬን እንዴት አነበዋለሁ?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶስና አልጋዬ ላይ ወጣች። ዘለለች። ሲጢጥ! ሲጢጥ! አለ አልጋው። ከዚያ ጋደም አለች።

«እማዬ፣ አልጋሽ ይቆረቁራል!»

እጇን ፍራሹ ስር ሰደደች። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አወጣች። ትኬቱ እንዳለ ነበር።

«ይሄ የማነው?»

አፌን ከፈትኩ። እንደዚያን ቀን ልዋሽ ነበር። ግን ሶስና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«የእኔ አይደለም። ሰርቄው ነው» አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ሱቋን፣ የከዘራውን ኳ ኳ፣ ቀዩን ቀለም፣ ውሸቴን። ድምፄ እንደ ጉንዳን ትንሽ ሆነች።

ሶስና ሰምታ ጨረሰች። «ጋሽ ንጋቱ ተቆጡሽ?»

«አላወቁም። አምነውኝ ነበር።»

«ታዲያ አሁን ንገሪያቸዋ!»

«የት አግኝቻቸው? ያኔም አርጅተው ነበር፣ የኔ እናት። አሁን ያሉ አይመስለኝም።»

ሶስና መጽሐፉን አገላበጠችው። «እና ውርንጭላዋ እናቷን አገኘች?»

«አላውቅም።»

«ኧረ እማዬ! የመጨረሻውን ገጽ አንቺ ታነቢያለሽ ብለውሽ የለም? አንብቢዋ!»

አብረን ከፈትነው። ሶስና ጣቴን ይዛ መስመሩ ላይ አስቀመጠችልኝ።

እንዲህ ይላል፦

«ውርንጭላዋ ደከማት። ገበያው ተበትኖ ነበር። መሃሉ ላይ ቆመችና ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች። እናቷም ከሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሰማቻት።»

አለቀ። ሌላ ገጽ የለም።

«ሰማቻት!» አለች ሶስና። «አገኘቻት ማለት ነው፣ አይደል?»

እንባዬ መጽሐፉ ላይ ጠብ አለ።

ሶስና ከአልጋው ወረደች። ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው። ከታች መንገዱ ላይ ሰዎች ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«በይ ድገሚው። ግን እንደ ውርንጭላዋ፣ ጮክ ብለሽ!»

«ሰው ይሰማናል፣ ሶስና። አፍራለሁ።»

«እንዲሰማ እኮ ነው!»

መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ አነበብኩት፦

«እናቷም ከሩቅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ሰማቻት!»

ከዚያም ለብቻዬ፣ በዝግታ እንዲህ አልኩ። «ጋሼ፣ መጽሐፉ እኔ ጋ ነበር። ይቅርታ።»

መንገዱ ላይ ማንም ቀና አላለም። ነፋስ ብቻ መጋረጃውን ነካ ነካ አደረገው።

ሶስና ወደ አልጋው ተመልሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባች። እኔም አጠገቧ ጋደም አልኩ። ያን ቀን ጎኔን የቆረቆረኝ ነገር የለም።

ዓይኖቿ ሊከደኑ ሲሉ ትንሿ ጣቷ የአልጋውን እንጨት መታች።

ኳ! ኳ! ኳ!