ከወንዝ ማዶ የመረጠው እጩ

የምርጫ ጸሐፊያችን ቨርና ኪትልሰን በምርጫው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። ሰው ሁሉ «አንሸራቷት ነው» አለ። መርማሪዋ ዊልማ ስካርዳ ግን የቨርናን መነጽር ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛዋ ሥር ተሰባብሮ አገኘችው። እንግዲህ ያለ መነጽሯ ደረጃ ልትወርድ ነው? ወይ ጉድ!

በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት የምክር ቤት ወንበር በአንድ ድምፅ ይገለበጣል፤ ያን ቀን የሁላችንም ልብ ተሰቅሎ ነበር። ምርጫው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሦስት ተጠርጣሪዎች የቨርና ቢሮ ውስጥ ይቁነጠነጣሉ። አንድ ፖሊስ ካቴናውን ይዞ የቨርናን ምክትል ሮዳ ባየርን ያያል። እሷ ከታሰረች ቆጠራውን የሚመራ የለም።

«ጠዋት ከቨርና ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻት ዊልማ።

«ተጣልተናል! ለመረጠ ሰው ሁሉ የምንሰጠው ‹ድምፅ ሰጥቻለሁ› የሚለው ተለጣፊ በሁለቱም የምርጫ ጣቢያ፣ ቤተክርስቲያኑም እሳት አደጋውም ጋ፣ አራት ሰዓት ሳይሆን አለቀ። ሰው አጉረመረመ። ‹አንቺ ግትር አሮጊት፣ ሂጂና አምጪ!› አልኳት። አምስት ሰዓት ላይ ልታመጣ እዚህ መጣች፤ በዚያው ቀረች።» እንባዋ ቀደማት።

ጽዳት ሠራተኛው ሃርላን ዲትማን እጁን አወጣ። «እኔ ቤተክርስቲያኑ ደጅ ቅጠል ስጠርግ ነበር። ሰልፈኛው በሙሉ አይቶኛል፤ እግሩን እንኳ አላነሣልኝም እንጂ!»

እጩው ግሌን ቶልዝማን ኮሌታው ላይ የለጠፈውን ተለጣፊ መታ መታ አደረገ። «እኔ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ወንዝ ማዶ፣ እሳት አደጋ ጣቢያው ተሰልፌ መረጥኩ። ሠላሳ ዓመት የመረጥኩበት ቦታ ነው። ይኸው!»

ዊልማ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ሄደች።

«እጩ ሲሆኑ ያስመዘገቡት አድራሻ የት ነው?»

«ወንዙ ወዲህ፣ ከእህል መደብሩ በላይ ያለው ክፍል።»

«እዚያ የሚኖር ሰው የሚመርጠው ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ነው። አዲሱ የምርጫ ወረዳ ካርታ ወንዙን ድንበር ስላደረገው ማዶ ያለው የእርሻ ቤትዎ ወደ ሌላ ወረዳ ሄዷል። እዚያ መርጠው ከሆነ የወረዳችን ነዋሪ አይደሉም፣ እጩም መሆን አይችሉም። ካልመረጡ ደግሞ የት ነበሩ?»

«ለምዶብኝ... አፌ ስቶ ነው። ቤተክርስቲያኑ ጋ ነው የመረጥኩት።»

«የሁለቱንም ጣቢያ የመራጮች መዝገብ አይቻለሁ። ስምዎ የለም። ተለጣፊውስ ከየት መጣ? ሁለቱም ጋ አልቆ ነበር። የቀረው አንድ ጥቅል እዚህ የቨርና ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከላዩ አንድ ብቻ ተልጧል።» መሳቢያውን ከፍታ ወረቀት አወጣች። «ይኸ የአከራይዎ ቃል ቅጂ ነው። ክፍሉ ውስጥ አልጋ እንኳ የለም። ቨርና ደርሳበት ነበር።»

ቶልዝማን ተለጣፊውን በእጁ ሸፈነው። «ነገ ለዳኛ እሰጠዋለሁ አለችኝ። ወረቀቱን ልቀማት ስል ታገለችኝ፣ ደረጃው አፍ ድረስ ተያይዘን... ገፋኋት» አለ።

ካቴናው ወደ እሱ ዞረ።

«የመጨረሻ ቃሌ እኮ ስድብ ነበር» አለች ሮዳ ለዊልማ። «አሁን ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቃት?»

«ሰልፉ አልተበተነም። ሂጂ ድምፁን ቁጠሪላት።»

ሮዳ ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ሄደች። ሰዓቱ ሲደርስ የቤተክርስቲያኑ የድምፅ ሣጥን ተዘግቶ ተቆጠረ፤ በመጀመሪያው ቆጠራ አልተማመነችምና ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ቆማ አነበበችልን። ቶልዝማን 412፣ ተቀናቃኙ 412።

ቶልዝማን ያን ቀን ቤተክርስቲያኑ ጋ ተሰልፎ ለራሱ ቢመርጥ ኖሮ ያሸንፍ ነበር።