የቦራ ቀይ ጨርቅ

«ጠጪው እንጂ ልጄ፣ አረፋው ሳይጠፋ!»

እትዬ ካሳነሽ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ትርሲት ወተቱን ትታ እግራቸውን ታያለች። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ በጭቃ ነው። ማለዳ ላም አልበው፣ ያን ሁሉ ማሳ አቋርጠው መምጣታቸው ነው። ከመጋቢት ጀምሮ፣ እሷ ከሐኪም ቤት ከወጣችበት ቀን ወዲህ፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀሩም። በዐቢይ ጾም ሳይቀር የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ሐና «ለበሽተኛ ነው፣ ትጠጣ» ብለው ፈቅደውላት፣ መንደሩ ሁሉ ሲጾም እሷ የእትዬ ካሳነሽን ወተት ስትጠጣ ነበር።

ኩባያውን ተቀብላ ጠጣች። አልወርድ አላት።

«እሰይ! ጤና ይሁንሽ። የኔ በሬ ያጎደለውን የኔ ላም ትሙላው እንጂ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

እትዬ ካሳነሽ ይሄን ባሉ ቁጥር ትርሲት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወዳለች። ቦራ ምን አጎደለና! ቦራ፣ ያ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ፣ ያን ቀን በገመዱ ታስሮ ሣሩን ከመጋጥ በቀር ያጠፋው ነገር የለም። ይሄን የምታውቀው ደግሞ ትርሲት ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሟ እንግዳው ወረታ ከተማ ለሥራ የሚመላለስበት ብስክሌት አለው። «ነክተሽ እንዳላይ!» ብሏታል፤ አንዴ ሳይሆን አሥሬ። እሷ ግን በስምንተኛ ክፍል በሩጫ የሚቀድማት የሌለ፣ አትንኪ የተባለችውን ካልነካች እጇን የሚበላት ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጭር ሲልላት አወጣችው። ሜዳውን በደንብ ነዳች፤ ነፋሱ ደስ ይል ነበር። መስኖው ዳር ስትደርስ ግን የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ገባና ቀጥ አለ። እሷ ቀጥ አላለችም። የመሪው ጫፍ ግራ ጎኗን፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር ደቆሳት።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ ያን ያህል አላመማትም። ብስክሌቱን ገፍታ ቤት መለሰች፣ ጭቃውን ጠረገች፣ የተጣመመውን መሪ እንደምንም አቃናች። ከዚያ በኋላ ነው ሆዷ መወጠር፣ ግራ ትከሻዋ ሳይቀር መጠዝጠዝ የጀመረው። ዓይኗ ጨለመባት። ሰው ልትጠራ ወጥታ፣ ቦራ የታሰረበት ግጦሽ ዳር ስትደርስ ወደቀች። ያገኟት ጋሽ ደሳለው ናቸው፤ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ያላቸው ጎረቤታቸው። አንዴ እሷን አዩ፣ አንዴ በሬውን አዩ።

«ቦራ ነው? ቦራ ነው የጎሸመሽ?»

ትርሲት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ ብቻ። በቃ፣ ውሸቱ ይኸው ነው፤ አፏን እንኳ አልከፈተችም።

ባሕር ዳር ስትደርስ ጣፊያዋ ተሰንጥቆ ሆዷ ውስጥ ደም ሞልቶ ነበር። ከፍተው አወጡላት። ወጣቷ ሐኪም ጎኗ ላይ ያለውን ምልክት አይታ «በሬ ነው ያላችሁኝ? ይሄ እኮ እንደ ሳንቲም ክብ ነው» ብላ ጠይቃ ነበር። አባቷ «የቀንዱ ጫፍ ነዋ» አሉ። ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። የታመመ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን ማን ይጠረጥረዋል?

ጣፊያ ባይኖርም ሰው ደህና አድርጎ ይኖራል ብላቸዋለች ሐኪሟ። ጣጣው ግን ብዙ ነው። ክትባቱ አለ፣ የየቀኑ ክኒን አለ፣ ሞቀም በረደም ከአጎበር ውጭ መተኛት የለም። «ትኩሳት ከተሰማሽ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ቤት!» ተብላለች፤ የሚኖሩበት ፎገራ ደግሞ ወባ የማይጠፋበት አገር ነው። ለጊዜው ውሃ አትቀዳም፣ አትሮጥም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጣ የሌሎችን ሹራብ ትጠብቃለች። ዱሮ በሩጫ የምትቀድማቸው ልጆች በአጠገቧ ሲያልፉ «አይዞሽ ትርሲት!» ይሏታል። እሱ ያናድዳል። ግን ሁሉም ተደምሮ የወተቱን ያህል አያማትም።

ወተቱን ጠጥታ ትምህርት ቤት በሄደችበት በዚያ ዕለት ክፍል ውስጥ በእውቀቱ አጠገቧ አልተቀመጠም። የእትዬ ካሳነሽ ልጅ ነው፤ ለክልሉ ፈተና አብረው ነው የሚያጠኑት። በእረፍት ሰዓት ከውሃ ቧንቧው አጠገብ አገኘችው።

«ምን ሆነህ ነው አንተ? ተኮራረፍን እንዴ?»

«ነገ አልመጣም።»

«ለምን?»

«ቦራን ይፋግ ገበያ ልንወስደው ነው።»

ትርሲት ክው አለች። እሷ በተጎዳች ሰሞን የመንደሩ ሽማግሌዎች «ተዋጊ በሬ ሰኔ ሳይገባ ከመንደር ይውጣ» ብለው ፈርደዋል፤ እስከዚያ ሰው አይቶ እንዲሸሸው እንደ መንደሩ ልማድ ቀንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ። እሷ ግን ቀኑ ሲገፋ ነገሩ የተረሳ መስሏት ነበር። ወይም እንዲረሳ ስለፈለገች መሰላት።

«የተዉት መስሎኝ...»

«ማን ይተዋል? እማዬ እስክትድኚ ብላ ወተቱ ላይ ተጠምዳ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ወረታ አትሸጡትም?»

«ወረታማ ወሬው ቀድሞናል። ይፋግም ቢሆን እማዬ ‹ተዋጊ ነው› ብላ ነው የምትሸጠው። ደብቂ ብላት ‹የሰው ልጅ ላስጨርስ?› ብላ ጮኸችብኝ። ተዋጊ ከተባለ ለእርሻ የሚገዛው የለም። ለሥጋ ነው።»

«እርሻችሁስ?»

«በአንድ በሬ ይታረሳል እንዴ? ሩዝ መዝሪያው ደረሰ። ምርቱን እኩል ሊካፈል መሬቱን ለሌላ ሰው መስጠት ነው እንግዲህ።» በእውቀቱ በጫማው ጫፍ ጭቃውን ቆፈር ቆፈር አደረገ። «ትርሲት፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቦራ እኮ ከጥጃነቱ ጀምሮ ሆዱ ላይ ተጋድሜ ነው ያደግሁት። ሰው ነክቶ አያውቅም። ያን ቀን ምን አድርገሽው ነው? ድንጋይ ወረወርሽበት?»

አሁን ተናገሪ፣ አሁን! አለች በሆዷ።

«እኔንጃ» አለች አፏ። «አላስታውስም።»

ይሄኛው ከፊተኛው ባሰ። ያኔ ሞት አፋፍ ላይ ሆና፣ ምን እንደምትል እንኳ ሳታውቅ ነው የዋሸችው። አሁን ግን በጤናዋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የጓደኛዋን ዓይን እያየች ነው። ቀኑን ሙሉ አስተማሪው ያለው አንድም ነገር አልገባትም።

በማግሥቱ ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ወተቱ አልመጣም። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እትዬ ካሳነሽ ቀሩ። ስትፈራው የኖረችው ወተት ሲቀር ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

«እናቴ፣ መጣሁ!» ብላ ወጣች።

መሮጥ ተከልክላለች፤ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። የተሰፋው ቦታ ተወጠረባት፣ ትንፋሿ አጠረ፤ ሁለቴ ቆማ ጉልበቷን ያዘች። ዱሮ ቢሆን ይሄን መንገድ ሳታላብ ነበር የምትጨርሰው። እነ በእውቀቱን አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ፣ መስኖው ዳር አየቻቸው። ቦራ ቀይ ጨርቁን እንዳሰረ አጎንብሶ ውሃ ይጠጣል። በእውቀቱ ገመዱን ይዟል። እትዬ ካሳነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው የደህና ቀን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል።

«ውይ ልጄን! ምን ሆንሽ? አተኮሰሽ እንዴ?» ብለው ሮጠው ግንባሯን ዳሰሱ።

ለትኩሳቷ መጨነቃቸው አስለቀሳት።

«እትዬ... ቦራ አልነካኝም።»

«ምን?»

«የእንግዳውን ብስክሌት ሰርቄ ስነዳ እዚሁ ቦይ ውስጥ ገባሁ። መሪው ነው የመታኝ። ቦራ ገመዱ ላይ ነበር፤ ዞሮም አላየኝም።»

እትዬ ካሳነሽ ቀስ ብለው ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ያን የደህና ቀን ቀሚስ ጭቃው ላይ። በእውቀቱ ግን ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ ያን ወተት ስትጋቺ...! ትናንት እንኳ ለምኜሽ...»

«ዝም በል አንተ!» አሉ እናቱ። ከዚያ ትርሲትን ቀና ብለው አዩዋት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ። መጀመሪያ እንግዳውን ፈራሁ። በኋላ እርስዎን። ወተቱን ባመጡልኝ ቁጥር ባሰብኝ።»

እትዬ ካሳነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አላሉም፤ እሷም አልጠበቀችም። ተነስተው ወደ ቦራ ሄዱና አንገቱን አሻሹት።

«እኔ እኮ ረገምሁት» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ያለ ኃጢአቱ ስረግመው ከረምሁ።»

ትርሲት የምትገባበት ጠፋት። ቢመቷት ይሻላት ነበር። እትዬ ካሳነሽ ግን ገመዱን ከልጃቸው እጅ ወስደው ለእሷ ሰጧት።

«እንቺ፣ አንቺው መልሽው። በጓሮ በኩል፣ መስኖውን ይዘሽ ሂጂ፤ ሰው አይይሽ። ለሽማግሌዎቹ እኔ ቀስ ብዬ እነግራለሁ። ገና በሽተኛ ነሽ።»

ገመዱን ይዛ ተመለሰች። ቦራ ምንም ሳያንገራግር ተከተላት። መንገዱ የሚከፈልበት ስትደርስ ቆመች። በግራ የጓሮው መንገድ ነው፤ ሰው የለበትም። በቀኝ በኩል የጋሽ ደሳለው ወፍጮ አለ፤ በዚህ ሰዓት መንደሩ ሁሉ ሩዙን ይዞ ተራ የሚጠብቅበት። በቀኙ ሄደች።

«ወዴት ነው?» አለ ከኋላዋ ሲከተል የነበረው በእውቀቱ። «በጓሮ ብላሻለች እኮ!»

«ሰምቻለሁ።»

ቀዩን ጨርቅ ያዩ ሴቶች ማዳበሪያቸውን እየጎተቱ ሸሹ። አንዷ ልጇን አቀፈች። ጋሽ ደሳለው ፊታቸው የሩዝ ብናኝ ለብሶ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። «ኧረ ልጅቷ! አብደሻል? ልቀቂው!» ሲሉ ከድምፃቸው ይልቅ እጃቸው ነው የተናገረው።

ትርሲት ወደ ቦራ ግንባር ጠጋ አለች። ቋጠሮውን ፈታች። ጨርቁ በዝናቡና በፀሐዩ ነትቧል።

«የጎሸመኝ ቦራ አይደለም!» አለች።

ጋሽ ደሳለው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «ምን አልሽ? አልሰማሁሽም!»

ማንም አልሰማም። ተናግራለች፣ በእውቀቱ ምስክር ነው፤ አሁን ገመዱን ይዛ ብትሄድ ማን ምን ይላታል? እትዬ ካሳነሽ ቀስ ብለው ይነግሩላታል። ወደ በእውቀቱ ዞር አለች። ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

ጣቷን ወደ ሞተሩ ቀሰረች። አጥፉት፣ ማለቷ ነው። ጋሽ ደሳለው ግራ ገብቷቸው ወደ ውስጥ ገቡ። ሞተሩ አንዴ፣ ሁለቴ አጓራ፤ ከዚያ እየደከመ፣ እየደከመ ሄደ።

ትርሲት ጨርቁን በእጇ ጨብጣ ፈጽሞ ጸጥ እስኪል ጠበቀች።