በአባቴ ግራ በኩል

ፈጥረሽው ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይበል! እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

ሰኔ 1993 በፈረንጅ፣ አስመራ፣ ቃሓውታ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ምን የለ... ፀሐይ አልጋው ድረስ ገብታለች።

አባቴ ንጋሲ ከሮም ከተመለሰ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ከልቡ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር አብጦበት እዚያ ቀደው ጠገኑለት። ግን በቀዶ ጥገናው ጊዜ የረጋ ደም ወደ አንጎሉ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ግራ የሚባል ነገር ለእሱ የለም።

ዐይኑ ጤነኛ ነው፤ ግራውን የዘነጋው አንጎሉ ነው። ከሳህኑ የቀኙን ብቻ ይበላል። እናቴ በግራው ቆማ ብትጠራው ወደ ቀኝ ዞሮ ይፈልጋታል።

ሌላም ጣጣ ነበረብን። እሱ ሮም ሳለ የወንድሜ የኤፍረም መርዶ መጣ። ታጋይ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ምጽዋ፣ ባሕሩ ዳር ተሰውቷል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም።

እናቴ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለበሰች። "ከሰማ ስፌቱ ይፈታል" አለችኝ።

እኔም በኤፍረም ስም ደብዳቤ እየጻፍኩ አነብለት ጀመር። ዐሰብ ነኝ፣ ደህና ነኝ... አፍሬያለሁ፤ ግን ጻፍኩ።

በዚያን ቀን ሦስተኛውን ደብዳቤ በቀኙ ተቀምጬ እያነበብኩለት ነው።

"ሄርሞን..." አለ ቀስ ብሎ።

"አቤት ኣቦይ።"

"ሻሂ ስጪው እንጂ።"

"ለማን?"

"ለወንድምሽ።"

ወረቀቱን አጠፍኩት።

"ኤፍረም እኮ ዐሰብ ነው..."

"ኣይፋልን፣ አይደለም" አለ። "እዚህ በግራዬ ተቀምጧል።"

በግራው!... እናቴን እንኳ በማያይበት!

"ምን... ምን ይላል?" ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

ጆሮውን ወደ ግራ ሰጥቶ አዳመጠ።

"ተዋት ይላል። ደክሟታል፣ ከእንግዲህ አትጻፍ ይላል።"

አለቀልን ብዬ ደረቱን አየሁ። በእርጋታ ይተነፍሳል።

"ኣቦይ... ታውቃለህ?"

"እወ፣ ጓለይ... አዎ ልጄ። ከሮም ከገባሁበት ቀን ጀምሮ። እናትሽ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እኛ ከእሱ ስንደብቅ እሱም ከእኛ ይደብቅ ኖሯል።

ከዚያ ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ በግራው በኩል ባዶውን አየር ዳበሰ... የተቀመጠ ሰው ራስ በሚሆንበት ከፍታ ላይ።

እጁን ሲመልስ ከጣቶቹ መሃል የሆነ ነገር ነጩ አንሶላ ላይ ረገፈ።

ጠጋ ብዬ ነካሁት።

አሸዋ ነው። የባሕር አሸዋ... ገና እርጥብ።